ፖሊስ ይዞ እንዲያቀርብ

ስሜ አድማሴ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከአንድ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ሸራ ወጥሬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰው ሲፈልገኝ «ጸሐፊው» ይለኛል፤ ስቆጣው ደግሞ «ያ ነዝናዛ»። ሁለቱም ልክ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው በደል ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነዝናዛ ባልሆን ነበር የሚገርመው። ፍርድ ቤቱ የትኛው እንደሆነ፣ የማወራችሁ ፖሊስም የየትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም። ነገ ሰምተው ይፈልጉኝ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ የመሰወር ጥበብ የለኝም፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሸራዬ ሥር ነኝ።

የማወራችሁ ስለ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ነው። እትዬ አስካለ ከጅጋ ወዲያ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል የምታስኬድ፣ ሸንበቆ ሜዳ የምትባል መንደር ገበሬ ናቸው። ገበሬ ስላችሁ የገበሬ ሚስት ማለቴ አይደለም። ባላቸው ዓለምብርሃን ሁለት ወንድ ልጅ ጥሎባቸው በወባ ሲሞት መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጡ። አራሹ በመጀመሪያው ዓመት አጭበረበራቸው፤ በሁለተኛው ዓመት ዘሩን አዘገየባቸው። በሦስተኛው ዓመት ሴትዮዋ ራሳቸው በሬ ጠምደው እርፍ ጨበጡ። አገር ጉድ አለ። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ እህል ትሸከማለች፤ እርፍ ግን አትይዝም። ቄሱ ሳይቀሩ መጥተው «ኧረ እንደው አይሆንም አስካለ» ቢሏቸው፣ «እንግዲያውስ አባቴ፣ እርስዎ ይረሱልኝ» አሏቸው አሉ። ሁለት ክረምት እንዲህ አረሱ። ከዚያ ትልቁ ልጃቸው ባምላኩ ጎለመሰና እርፉን ከእጃቸው ተቀበለ።

ኑሯቸው ከዚያ ወዲህ ቀና። በርበሬያቸው የታወቀ ነበር፤ የቡሬ ነጋዴ ደጃቸው ድረስ መጥቶ ነበር የሚገዛው። በርበሬ ደግሞ ችግኙ በበጋ በመስኖ ነው የሚፈላው፤ የመስኖ ውኃ በተራ ነው። መንደሩ የውኃ አባት የሚሉትን ሰው ይመርጣል፣ ማን በየትኛው ቀን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በአንድ የጥር ጠዋት ተራው የባምላኩ ነበር። የላይኛው ጎረቤት እጅጉ መጣና ቦዩን ቆርጦ ውኃውን ወደ ራሱ መደብ መለሰው። ባምላኩ «ተራዬ ነው» አለ። እጅጉ «ችግኜ ሊደርቅ ነው» አለ። ነገር ነገርን ጎተተና እጅጉ በያዘው ዶማ የባምላኩን ራስ መታው። የውኃ አባቱን ጨምሮ ሦስት ሰው ቆሞ እያየ ነው ይህ የሆነው። ልጁን በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል ሊያደርሱት ሲሮጡ ጅጋ ሳይገቡ ሞተ፤ እጅጉ ያኑ ዕለት ከመንደር ጠፋ።

ቀብሩ ላይ አልቃሿ ሟቹን አልቅሳ አልቅሳ ስትጨርስ፣ የታናሽየውን የወንዳወቅን ስም እየጠራች ማልቀስ ጀመረች። የዚህ አገር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ወንድም አለው፣ ደሙን የሚመልስ አለ፣ እያየነው ነው ማለት ነው። ወንዳወቅ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው በለቀስተኛው ፊት የአልቃሿን አፍ በመዳፋቸው ያዙት። «አንቺ ሴትዮ፣ ለአንዱ ካለቀስሽ ይበቃሻል» አሏት። በሦስተኛው ቀን የነፍስ አባታቸውን አስመጥተው ወንዳወቅን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አስማሉት። ፍርድ ቤት ጉዳዩን እስኪጨርስ ድረስ እጅጉን ላይነካ ማለ። እሳቸውም በበኩላቸው «ሕግ ይይዘዋል፤ በእኔ ጣለው» አሉት።

እኔ ዘንድ የመጡት ከዚህ ወዲያ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክሱን መሥርቷል፣ ምስክር አለ፣ ማስረጃ አለ፤ ተከሳሹ ግን የለም። እኔም እንደ ልማዴ «ምን ልጻፍልዎ?» አልኋቸው።

«አያ አድማሴ፣ አንዱን ልጄን ቀብሬዋለሁ» አሉኝ። «እኔ አሁን የምሟገት ለሁለተኛው ነው። እጅጉን ሕግ ካልያዘው ወንዳወቅ ይገድለዋል። ወንዳወቅ ከገደለው የእጅጉ ወንድሞች ወንዳወቅን ይገድሉታል። ይኼን አገባብ አለው በምትለው ቃል ጻፍልኝ።»

ጻፍሁ። ዳኛዋ ያምሮት የምትባል ወጣት ናት፤ ቁጥብ፣ ሰው የምትሰማ፣ እግዜር ይስጣት። ማመልከቻውን አንብባ አዘዘች፦ «የወረዳው ፖሊስ ተከሳሹን ይዞ እንዲያቀርብ ታዟል።» ማኅተም ተመታበት። ትእዛዙን ወደ ፖሊስ የሚያደርሰው ማነው? ራሳቸው ባለጉዳይዋ ናቸው! ሕጉ እንዲህ አይልም፣ አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። እትዬ አስካለ ፖስታውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ግማሹን መንገድ በመኪና ግማሹን በእግር ተጉዘው አደረሱ። ለቀጠሮው የፖሊስን መልስ ይዘው የሚመጡትም እሳቸው ናቸው። መልሱ እንዲህ ይላል፦ ተከሳሹ በአካባቢው ስለሌለ ልንይዘው አልቻልንም።

ሴትዮዋ ፊደል አይቆጥሩም፤ አነበብሁላቸው።

«በአካባቢው የለም?» አሉ። «ትናንት እኮ እህቱ ቤት የልጇን ክርስትና ሲበላ ነበር!»

እንደገና ጻፍሁ። እንደገና ታዘዘ። እንደገና «አልተገኘም» መጣ። አንድ ጊዜ መኪና የለንም አሉ። አንድ ጊዜ ሸንበቆ ሜዳ መኪና አያስገባም አሉ። አንድ ጊዜ ፖሊሱ ሁሉ ለሌላ ግዳጅ ተልኳል፣ ጣቢያ የቀረነው ጥቂት ነን አሉ። ይኼኛው እውነት ሳይሆን አይቀርም፣ በአገሩ ላይ የሚሆነውን እኔም አያለሁ። ሰባት ጊዜ ታዘዘ፣ ሰባት ጊዜ ደብዳቤ ተመላለሰ። ዳኛዋ በስምንተኛው ተቆጥታ «የፖሊስ ኃላፊው ራሱ ቀርቦ ያስረዳ» አለች። ኃላፊው ዩኒፎርሙን ተኩሶ መጥቶ ቀረበ፤ ሰላምታ ሰጥቶ ቆመና «ክብርት ዳኛ፣ የሚጠቁመን ካለ ለመያዝ ዝግጁ ነን» አለ። በቃ፣ ያለው ይኸው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገዳዩን የመፈለጉ ሥራ የሟች እናት ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። ከአጥሩ ሥር የማይከራከር ሰው የለም፤ አንድ ጠበቃ አለ፣ ሱፉን ለብሶ ሁልጊዜ ያስተምረናል። «ፍርድ ቤት የቀረበለትን ይዳኛል እንጂ እንደ ፖሊስ አዛዥ ያዝ ልቀቅ ሲል መዋል የለበትም» ይላል። ደግ ነው፤ ያልተያዘውን ማን ያቀርብለታል? ሌላው ተነሥቶ «ማዘዝ አለበት እንጂ! ካላዘዘ ማን ሊፈራ ነው» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር ተጣልቻለሁ። የማይፈጸም ትእዛዝ ከሚጽፉ «አንችልም» ቢሉ በስንት ጣዕሙ! እትዬ አስካለ ያቺን ማኅተም ያለባት ወረቀት በተቀበሉ ቁጥር ፊታቸው ይበራ ነበር። ወንዳወቅን «ይኸው ታዟል፣ ይኸው ዳኛ ፈርማለች» እያሉ አንድ ወር፣ ሁለት ወር ያሳድሩታል። ያን ፊት ላለማየት ዞር እል ነበር፤ እኔው ነኛ የጻፍሁት።

በዓመቱ፣ በአንድ ቅዳሜ ነው ትልቁ ነገር የሆነው። እጅጉ በወረዳው ገበያ በርበሬ ይሸጣል የሚል ወሬ ደረሳቸው። «አያ አድማሴ፣ የትእዛዙን ግልባጭ ይዘህ ና፣ እኔ ማንበብ አልችልም፣ ፖሊሱ ደብዳቤ ይጠይቀኛል» አሉኝ። ሄድሁ። ስንደርስ እውነትም እጅጉ ሁለት ማዳበሪያ በርበሬ አስቀምጦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። አጠር ያለ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሲያየን ብድግ አለና ወደ ከብት ተራው መራመድ ጀመረ።

እትዬ አስካለ አልሮጡም። ባሉበት ቆመው በሙሉ ድምፃቸው «እጅጉ! በሕግ አምላክ!» አሉት።

በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ነገሩ በአባቶቻችን ዘመን የቀረ ይመስለኝ ነበር። ሰውየው ቆመ! እግሩን አንሥቶ ነበር፣ መልሶ አሳረፈው። ገበያው ሁሉ ጸጥ አለ። እጅጉ ፊቱን ሳያዞር፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ ቆመ። ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ግን የዚህ አገር ሰው ነው፤ እናቱ ጡት ስታጠባው ያንን ቃል አብራ አጥብታዋለች። ልቤ ሞቀ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ያኔ ሦስት ጎረምሶች ከሕዝቡ መሀል ወጡ። አንደኛው ገመድ ይዟል። «እትዬ፣ አስረን ጣቢያ እናድርስልዎ?» አላቸው። ጣቢያው እኮ ከገበያው ሩቅ አይደለም።

«አይሆንም ልጆቼ» አሉ። «በሕግ ቆሟል፤ በገመድ ከጎተታችሁት ደሙም ነገሩም የእኛ ይሆናል። የቆመበት ሕግ መጥቶ ይውሰደው። አድማሴ፣ ሂድና ጥራቸው።»

ወይ ነዶ! ምነው ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ «እሰሩት» ባልሁ! እኔም አመንሁ። የእሳቸው እምነት ተጋባብኝና ወረቀቴን ይዤ ወደ ጣቢያው በረርሁ።

ጣቢያው ውስጥ አንድ ሃምሳ አለቃ ተቀምጧል፤ በረንዳው ላይ ሌላ አንድ ፖሊስ አለ። ግልባጩን ሰጠሁት። ገልብጦ ጀርባውን አየው።

«ዋናው የታለ?»

«ዋናው እናንተ ዘንድ ነው፤ እዚሁ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኗል።»

«መዝገብ ቤት ቅዳሜ ዝግ ነው።»

«ሰውየው እኮ ቆሟል! በሕግ አምላክ ተብሎ ቆሟል፣ ገበያ መሀል!»

ሃምሳ አለቃው አልሳቀብኝም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። «ወንድሜ» አለኝ፣ «ሁለት ነን። እዚያ ክፍል አሥራ አንድ እስረኛ አለ። ጥዬ ብወጣና አንዱ ቢያመልጥ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አዛዡ ቡሬ ሄዷል። ስልክ ልደውልለት፣ ጠብቅ።» ደወለ፣ አልተነሣም። ደገመ፣ አልተነሣም። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አልወደቅሁም፤ ሰደብሁት እንጂ። ብሰድበው ደግሞ ይባስ አመረረ። «ሰኞ ዋናውን ይዛችሁ ኑ» አለና ግልባጩን መለሰልኝ።

ብቻዬን ተመለስሁ። ከሄድሁ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። እጅጉ እንደቆመ ነው። እትዬ አስካለ ፊት ለፊቱ ሄደው፣ አምስት እርምጃ ርቀው እሳቸውም ቆመዋል። ሰዉ ዙሪያውን ከቧል፤ ሸቀጡን የሚነካ የለም። እጅጉ ከሁሉ ቀድሞ እኔን አየኝ። ከኋላዬ ፖሊስ ይኖር እንደሆነ ፈለገ። ማንም የለም። ፊቱ ሲለወጥ ዐይኔ እያየ ነው፤ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ቀጥሎ ትንፋሹን ለቀቀ።

«እማማ አስካለ» አለ፣ በትሕትና ነው ያለው። «ቆሜልዎታለሁ። ከዚህ በላይ ልቁም?»

እትዬ አስካለ እኔን አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። እጅጉ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ማዳበሪያዎቹ ተመለሰና ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት መጥታ የበርበሬውን ዋጋ ጠየቀችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሸሸጉን ተወ።

በሰኔ ወር ለመጨረሻ ጊዜ ችሎት ገባን። ፖሊስ «ተከሳሹ ወደ በረሃ መሄዱን ሰምተናል» ብሎ ጽፏል። እኔ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አይቼዋለሁ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ፣ ክሱ የቀረበበት አንቀጽ ተከሳሹ በሌለበት የሚታይ ስላልሆነ መዝገቡ ይዘጋ አለ። ዳኛ ያምሮት ብዙ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ አነበበች፦ ፖሊስ ተከሳሹን በተገኘ ጊዜ ይዞ እንዲያቀርብ፤ እስከዚያው መዝገቡ እንዲዘጋ።

«ልጄ» አሏት እትዬ አስካለ፣ ችሎት መሆኑንም ረስተው። «ጨረስሽ ማለት ነው?»

«አልጨረስሁም እማማ፤ ሲያዝ ይከፈታል።»

«ማን ይዞት?»

«እኔ ከዚህ ወንበር ወርጄ አልይዘውም» አለች ዳኛዋ። «ያለኝ እጅ ፖሊስ ነው።» ዐይኗ ውኃ ሞልቶ ነበር፣ የችሎት አስተናጋጁ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

ወንዳወቅ ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እናቱ ምን ብለው እንደሚነግሩት ሲያስቡ እሱ ወደ እኔ መጣ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሷል፣ ማንበብ ይችላል፤ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደው። ቀስ ብሎ አነበበ። «ተዘግቷል» አለ።

«ለጊዜው ነው፣ ወንዳወቅ» አልሁት።

«አያ አድማሴ፣ እኔ የማልሁት ፍርድ ቤት እስኪጨርስ ነው። አንድ ዓመት ከአምስት ወር ጠበቅሁ። በገበያ ሲያልፍ ሰላም እያለኝ ጠበቅሁ።» ወረቀቱን አጥፎ ለእናቱ ሰጣቸው። ተቆጥቶ ቢሆን በስንት ጣዕሙ፤ ረጋ ብሎ ነው ያለው።

በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ሸራዬን ሳልወጥር እትዬ አስካለ መጥተው ደርሰዋል። በቀዳሚው ቀን የተነሡ መሆን አለባቸው።

«ጻፍ» አሉኝ።

«ይግባኝ?»

«ይግባኝ አይደለም። ወንዳወቅ ፈቃድ የሌለው ክላሽ አለው፤ የአባቱ ነው። ጎተራው ውስጥ ከማሽላው ሥር ነው። ትናንት አውጥቶ ዘይት ሲቀባው አየሁት። ከእኔ ጋር መብላት ትቷል። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው። ፖሊስ መጥቶ እንዲይዝልኝ ጻፍ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁት። «በገዛ ልጅዎ?»

«በገዛ ልጄ።»

«እትዬ አስካለ፣ እብድ ሆነዋል? ሦስት ዓመት ይፈርዱበታል! አገሩ ምን ይላል? እሱስ ይጠላዎታል!»

«ይጥላኝ» አሉ። «ጠልቶኝ ይኑር። ባምላኩ ይወደኝ ነበር፤ ምን አተረፈልኝ?»

ጮኽሁባቸው። አሮጊት ላይ መጮኼ ዛሬም ያሳፍረኛል። የነፍስ አባትዎ ይምከሩት አልሁ፤ መክረውት እምቢ ብሏል። መሣሪያውን ሰርቀው ይጣሉት አልሁ፤ «ዶማ አይጠፋውም» አሉኝ። ከዚህ በኋላ የምለው አልነበረኝም። ጻፍሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከጻፍሁት ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፤ አምስት መስመር አይሞላም።

እንግዲህ ስሙኝ። ማመልከቻው ለፖሊስ የደረሰው ያኑ ዕለት ነው። የብርበራ ማዘዣው ወዲያው ተጠይቆ ዳኛዋ ፈረመች። መኪና አያስገባም በተባለው መንገድ ሁለት መኪና ገባ። ዘጠኝ ፖሊስ! ያ ሃምሳ አለቃ ሳይቀር አብሮ ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወንዳወቅን ከነመሣሪያው ይዘውት ወጡ። አልሮጠም፣ አልታገለም። እጁን ሲያስሩት እናቱ ጎተራው አጠገብ ቆመው አያቸው።

«እማየ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉት። ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ እንባ የሚባል አልነበራቸውም።

ፍርዱ ሁለት ወር አልፈጀም። ተከሳሹ አለ፣ መሣሪያው አለ፣ ፖሊሶቹ ራሳቸው ምስክር ሆነው በቀጠሮው ሰዓት ተገኙ። ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። መንደሩ «የልጇን ደም ሸጠች» አላቸው። «የእጅጉ ወገኖች ስንት ሰጧት» እያሉ አሟቸው። የወሩ ማኅበር ተራ ሲደርሳቸው ጠላ ጠምቀው፣ ድፎ ደፍተው ጠበቁ፤ ከቄሱና ከአንዲት ማየት ከተሳናት ጎረቤት በቀር ማንም ደጃፋቸውን አልረገጠም። እጅጉ ግን ሽማግሌ ላከባቸው። ምስጋና ልኮባቸው ነው! «ከሞት ያዳኑኝ እናቴ ናቸው፣ እግራቸውን ልሳም» ብሎ። ሽማግሌዎቹን ውኃ አጠጥተው ሸኟቸው፣ መልስ ግን አልሰጡም። መሬቱን ዛሬ የሚያርሰው ሌላ ሰው ነው፤ እጃቸው እርፍ መያዝ አይችልም።

በየሳምንቱ እሑድ ስንቅ ይዘው ማረሚያ ቤት ይመጣሉ። ወንዳወቅ ስንቁን ይቀበላል፤ ወጥቶ ግን አያናግራቸውም። «ደህና ነው?» ብለው ጠባቂውን ይጠይቃሉ፣ «ደህና ነው እማማ» ይላቸዋል፣ ባዶውን ዕቃ ይዘው፣ እሑድም ቢሆን ከማልጠፋበት ሸራዬ ሥር መጥተው አረፍ ይላሉ። በዚህ ሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ክስ ቃል አንሥተው አያውቁም። ስለ ዝናብ፣ ስለ በርበሬ በሽታ እናወራለን። እጅጉ እስከ ዛሬ አልተያዘም፤ ትእዛዙ ግን አለ፣ አልተሻረም፣ መዝገብ ቤት ተቀምጧል።

ባለፈው እሑድ እንደ ወትሮው መጡ። ዕቃቸውን መሬት አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ሊሄዱ ነው ስል ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አያ አድማሴ፣ በመጪው ወር ይፈታል አሉኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ጠባቂውን ስለ እጅጉ ጠየቀው አሉ። አሁንም በርበሬ ይሸጣል ወይ ብሎ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዐይኔን አላዩኝም። «ሕጉን አንተ ታውቀዋለህ። ልጄ የሚከሰስበት ሌላ ነገር አይገኝም?»